መምህሩን ብቻ የሚቆጥር ደንብ፤ በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ስለሚሠራባቸው የትምህርት ቤት ሕግጋት የቀረበ ሂስ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች መምህራን የሚተዳደሩባቸውንና የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ሥራቸውን የሚያካሂዱባቸውን ደንቦች መርምሮ፤ ደንቦቹ የሚናገሩትን ብቻ ሳይሆን ዝም የሚሉትንም ጭምር ለማሳየት ነው። ስለ ትምህርት ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ስለ ተማሪው ውጤት፤ ስለ መጻሕፍት እጥረትና ስለ ሥርዓተ ትምህርቱ ነው። መምህሩ በስንት ሰዓት መግባት እንዳለበት፤ ቢቀር ማን እንደሚቀጣው፤ ቢከሰስ ለማን መልስ እንደሚሰጥ የሚወስነው ወረቀት ግን በርእሰ መምህሩ መሳቢያ ተቀምጦ የሚወጣው ሰው ሊቀጣበት ሲፈለግ ብቻ ነው። ስለዚህም የሚያነበው ሁሉ ወይ በቁጣ ወይ በፍርሃት ያነበዋል። እኔ በበኩሌ ይህ ወረቀት ሌላው መጽሐፍ እንደሚነበበው ሁሉ በጸጥታ ሊነበብና ሊተች ይገባዋል ባይ ነኝ።

ለምርመራው የመረጥኋቸው ሁለት ጎረቤታሞች ናቸው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ሜዳማና ብርዳም ከተማ ናት። የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ፤ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህም ዩኒቨርስቲ አላት፤ በአርበኛው በኃይለ ማርያም ማሞ ስም የሚጠራው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም የሚገኘው በዚችው ከተማ ነው። አንኮበር ደግሞ ከዚያ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲኬድ፤ ደጋው ተቆርጦ ወደ ቆላ በሚወርድበት ገደል አፍ ላይ የሚገኝ የሸዋ ነገሥታት የቀድሞ መናገሻ ነው። የወረዳው ጽሕፈት ቤቶች ያሉባት ጎረቤላ ከዳገቱ ላይ ስትሆን አልዩ አምባ ከታች ናት፤ በመካከላቸው ያለውን መንገድ በእግሩ የወጣ ሰው፤ ወረዳ የሚለው ቃል በካርታ ላይ ሌላ፤ በጉልበት ላይ ሌላ መሆኑን ያውቃል። በሁለቱም ቦታ ያለው መምህር የሚተዳደረው በአንድ ዓይነት ደንብ ነው። ነገር ግን አንዱ ወረቀት በሁለቱ ቦታ ሲነበብ ሁለት ወረቀት ይሆናል፤ የሂሴም ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

አስቀድሞ ስለ ደንቦቹ አመጣጥ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። የሚኒስትሮችን ሥልጣን ለመወሰን በ1935 ዓ.ም. የወጣው ትእዛዝ የአገሪቱን ትምህርት ቤቶች ሁሉ በትምህርት ሚኒስቴር ሥር አደረገ። ቀጥሎም በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚስዮኖች የወጣው ድንጋጌ የውጭ አገር መምህራን በየት ክፍል ምን ማስተማር እንደሚችሉና በምን ቋንቋ እንደሚያስተምሩ ደነገገ። በ1940 ዓ.ም. ከመሬት የሚከፈል የትምህርት ግብር ተደንግጎ፤ ገንዘቡ በአካባቢው ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል የሚቆጣጠሩ የትምህርት ቦርዶች በየአገሩ እንዲቋቋሙ ተደረገ። ይህ ሕግ፤ ስለ ግብሩ ፍትሐዊነት ብዙ መከራከር ቢቻልም፤ አንድ መልካም ነገር ነበረው፤ ቦርዱ ሥልጣን ሲሰጠው ከነገንዘቡ ነበር። በዚያው በ1940ዎቹ መጨረሻ በዩኔስኮ ርዳታ በማጀቴ የተጀመረው የማኅበረሰብ መምህራን ማሠልጠኛ ወደ ደብረ ብርሃን ተዛወረ፤ ከዚያ የሚወጣው መምህር ፊደል ከማስቆጠር ሌላ ስለ እርሻ፤ ስለ ጤናና ስለ እጅ ሥራ የገጠሩን ሰው እንዲያስተምር ይላክ ነበር። ስለሆነም ሰሜን ሸዋ ለገጠር ትምህርት ቤት ጉዳይ እንግዳ አገር አይደለችም።

ከአብዮቱ በኋላ ደርግ በ1968 እና በ1976 ዓ.ም. ባወጣቸው አዋጆች ትምህርት ቤቶችን በሕዝብ ቁጥጥር ሥር አድርጎ የአስተዳደር ኮሚቴዎችን አቋቋመ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ሥልጣን ወደ ታች እንዲወርድ መሠረት ጣለ። በ1994 ዓ.ም. በአማራ ክልልና በሌሎች ሦስት ክልሎች ወረዳዎች በጥቅል በጀት እንዲተዳደሩ ሲደረግ፤ ትምህርት ሚኒስቴር በዚያው ዓመት ስለ ትምህርት አመራር፤ አደረጃጀት፤ ስለ ኅብረተሰብ ተሳትፎና ስለ ፋይናንስ ዝርዝር መመሪያ አወጣ። ከሚኒስቴሩ እስከ ቀበሌ ድረስ ማን ምን እንደሚሠራ የተዘረዘረው በዚህ መመሪያ ነው። ወረዳው መምህራንን ይቀጥራል፤ ይመድባል፤ ያዛውራል፤ ይቀጣል፤ የቀበሌው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድና የወላጆችና የመምህራን ኅብረት ደግሞ ትምህርት ቤቱን ይቆጣጠራሉ።

አንባቢው እነዚህን ሕጎች በተርታ ቢያስቀምጣቸው አንድ ነገር ይታየዋል። በየዘመኑ የተለወጠው መምህሩን የሚያዘው ሰው ነው። አንድ ጊዜ ሚኒስቴሩ፤ አንድ ጊዜ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት፤ አንድ ጊዜ ኮሚቴው፤ አሁን ደግሞ ወረዳው። የታዘዘው ሰው ግን ከአዛዡ ምን እንደሚገባው የሚናገር አንቀጽ ፈልጎ ለማግኘት ወረቀቱን ብዙ ጊዜ ማገላበጥ አለበት።

አሁን ወደ ቅጣቱ እንምጣ። በ1999 ዓ.ም. (ቁጥር 515) እና በ2010 ዓ.ም. (ቁጥር 1064) የወጡት የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጆች ቅጣትን በስድስት ደረጃ ከፍለው ነበር፤ የቃል ማስጠንቀቂያ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ እስከ አንድ ወር ደመወዝ የሚደርስ መቀጮ፣ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርስ መቀጮ፣ ለተወሰነ ጊዜ ከደረጃ ዝቅ ማድረግ፣ በመጨረሻም ከሥራ ማሰናበት። ክልሎች ለሠራተኞቻቸው ያወጧቸው ሕጎችም የተቀረጹት በዚሁ አርአያ ነው። ከባድ ቅጣት ከሚያስከትሉት ጥፋቶች መካከል ጉቦ መቀበል፤ ሰክሮ ሥራ መበደል፤ በሥራ ቦታ ጠብ መጫር፤ ጾታዊ ጥቃት መፈጸም፤ እንዲሁም በቀላል ቅጣት ሳይታረሙ ያለ በቂ ምክንያት ደጋግሞ ከሥራ መቅረት ይገኙባቸዋል። ስለ ዝርዝሩ እውነቱን መናገር ይገባል፤ በአግባቡ የተጻፈ ነው። ከባድ ጥፋት ሠራ የተባለው ሰው ክሱ ተነግሮት መልስ እንዲሰጥና ይግባኝ እንዲል መንገድ ይከፍታል። በአንድ ቃል ሰው ከሥራ የሚባረርበትን የጥንቱን ልማድ ለሚያስታውሱ ሁሉ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ታዲያ ጉድለቱ ምን ላይ ነው? መሰላሉ ለአንድ ወገን ብቻ የቆመ መሆኑ ላይ ነው። መምህሩ ቢዘገይ የሚወርድባቸው ስድስት እርከኖች ተቆጥረዋል፤ ደመወዙ ቢዘገይ ግን የዘገየበት መሥሪያ ቤት በየትኛው እርከን እንደሚወርድ አልተጻፈም። መምህሩ ያለ ፈቃድ ከተመደበበት ቦታ ቢሄድ ጥፋት ነው፤ ዓመታት ጠብቆ የሚገባውን ዝውውር ወይም የደረጃ ዕድገት ሳያገኝ ቢቀር ግን ጥፋተኛ የለም፤ «በጀት የለም» ወይም «ተተኪ አልተገኘም» የሚል ደብዳቤ አለ።

«ያለ በቂ ምክንያት መቅረት» የሚለውን ሐረግ በሁለቱ ከተሞች እናንብበው። በደብረ ብርሃን የምታስተምር መምህርት ጉዳይ ቢኖራት በዕረፍት ሰዓቷ ከባንክ፤ ከትምህርት መምሪያው፤ ከሐኪም ቤት ደርሳ መመለስ ትችላለች። የመግቢያ ፊርማዋ አይጓደልም። ከአንኮበር ገደል በታች ባለ ቀበሌ ያለው መምህር ግን ስለ ደመወዙ ስሕተት ለማመልከት፤ መድኃኒት ለመግዛት፤ ወይም በደረጃ ዕድገቱ ጉዳይ አንድ ወረቀት ለማስፈረም ዳገቱን መውጣት አለበት። ዓርብ ከቀትር በኋላ ካልተነሣ ቅዳሜ ጽሕፈት ቤቱ ዝግ ነው፤ ሰኞ ከሄደ ደግሞ ማክሰኞ ክፍሉ ባዶ ይሆናል። የሄደው ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት፤ የሄደበትም ምክንያት መንግሥት ራሱ የጠየቀው ወረቀት ሲሆን፤ በቀሪዎች መዝገብ የሚጻፈው የእርሱ ስም ነው። ማንም ክፉ ሰው በመካከል ሳይኖር፤ ደንቡ ብቻውን ደኅናውን መምህር ጥፋተኛ ያደርገዋል። ልጆቹም ያን ቀን ሳይማሩ ይመለሳሉ፤ አንዳንዶቹ ሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ተጉዘው የመጡ ናቸው።

ስለዚህ ጉዳይ በ1960ዎቹ ተመርቀው በገጠር ለብዙ ዘመን ያስተማሩና አሁን በጡረታ ላይ ያሉ አንድ አዛውንት ጠይቄአቸው ነበር። ጋሼ እንደ ነገሩኝ ከሆነ በእርሳቸው ጊዜም ደንቡ ጥብቅ ነበር፤ ነገር ግን አገሬው ለአስተማሪ ቤት መሥራትን፤ እንጨትና ውሃ በልጆች ማቅረብን እንደ ግዴታው ያየው ስለ ነበር፤ አስተማሪው ከቀዬው ወጥቶ የሚሄድበት ምክንያት ጥቂት ነበር። ልጆችን ውሃ ማስቀዳቱን ዛሬ ማንም አይፈቅድም፤ አለመፈቀዱም ትክክል ነው። ሆኖም ያ የቀረ አገልግሎት በምን እንደ ተተካ ደንቡ አይናገርም።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን የፈጸምሁት በሚስዮን ትምህርት ቤት ስለ ነበር ማነጻጸሩ ሳይመጣብኝ አልቀረም። እዚያ ደንቡ ከመንግሥቱ ይልቅ የከረረ ነበር፤ መምህራን በማለዳው ጸሎት ላይ መገኘት፤ ማታም የተማሪዎችን የጥናት ሰዓት በተራ መጠበቅ ነበረባቸው። ከሥራ የቀረ መምህር አላየሁም ብል ማጋነን አይሆንም። ጓደኞቼ ይህን በፈሪሃ እግዚአብሔር ያመካኙታል። እኔ ግን የመምህራኑ ቤት ከክፍላችን በመቶ እርምጃ ርቀት ላይ ስለ ነበረ፤ ክሊኒኩም በዚያው ግቢ ስለ ነበረ ይመስለኛል። በሌላ በኩል አንድ መምህር ከኃላፊው ጋር ቢጣላ ይግባኝ የሚልበት አልነበረም፤ በዓመቱ መጨረሻ ዕቃውን ጭኖ ሲሄድ ምክንያቱን ማንም አይጠይቅም ነበር። እንግዲህ አንዱ ቤት ሰጥቶ ፍርድን ነሣ፤ ሌላው ፍርድን ሰጥቶ ቤት ነሣ። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ ለምን እንዳልተቻለ አይገባኝም።

ስለ አለንጋ የተጻፈው ሕግ ለዚህ ዓይነት ንባብ የተመቸ ስለሆነ ቆም ብዬ ልመለከተው እወዳለሁ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2039 ሰው ልጁን፤ በሞግዚትነት የያዘውን፤ ተማሪውን ወይም አገልጋዩን በመጠኑ ቢቀጣ ጥፋት እንዳይሆንበት ያደርግ ነበር። ተማሪና አሽከር በአንድ ሐረግ መጻፋቸውን አንባቢው ልብ ይበል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በሌሎች የሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት ውስጥ አካላቸውን ከሚጎዳ ቅጣትና ከጭካኔ የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ደነገገ። በ35 ዓመት ውስጥ የተኬደው መንገድ ረጅም ነው፤ ሁለተኛው ሕግ ትክክል መሆኑንም የሚጠራጠር ሰው በዚህ ገጽ ላይ ደጋፊ አያገኝም። በልጅነቴ በተማርሁበት አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ተረኛ መምህር አርፍዶ የመጣውን ልጅ ሁሉ በበሩ ላይ ይገርፍ ነበር፤ ከሩቅ የሚመጡት ሁልጊዜ የሚያረፍዱት እነርሱ ስለሆኑ፤ የሚገረፉትም ሁልጊዜ እነርሱ ነበሩ።

ነገር ግን አለንጋውን የከለከለው ሕግ በአለንጋው ፈንታ ለመምህሩ ምን ሰጠው? የመንግሥት መለኪያ በአንደኛ ደረጃ ለአንድ ክፍል 50 ተማሪ፤ በሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ ነው። ቁጥሩ ከዚህ በበለጠበት ክፍል ውስጥ፤ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት እንዲያስተምር በተደረገበት አሠራር፤ ያለ አለንጋ ሥርዓት ማስያዝ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ጥበብ ደግሞ ይማሩታል እንጂ በክልከላ አይገኝም። መመሪያው «መምህሩ ተማሪዎችን አይመታም» ሲል አንድ መስመር ይበቃዋል፤ «ጽሕፈት ቤቱ መምህሩን ያለ ዱላ ክፍል የመምራት ዘዴ በየዓመቱ ያሠለጥነዋል» የሚለው ሁለተኛ መስመር ቢጨመርበት ግን ሁለቱ ወገኖች እኩል ይያዙ ነበር። ያለዚያ አንዳንዱ መምህር በስውር ይመታል፤ አንዳንዱም ተስፋ ቆርጦ ክፍሉን እንደ ገበያ ይተወዋል።

አሁን ስለ ወላጆች ኮሚቴ። የ1994ቱ መመሪያ የወላጆችና የመምህራን ኅብረት፤ በኋላም ተማሪ ተጨምሮበት ወተመህ የተባለው፤ የመምህራንን ሥራና ሥነ ምግባር እንዲከታተልና እንዲገመግም ሥልጣን ሰጥቶታል። በሐሳብ ደረጃ ከዚህ የተሻለ ሕዝባዊ ነገር አይገኝም፤ የልጁን ነገር ከአባቱ የበለጠ ማን ያውቃል? በደብረ ብርሃን ያለው መምህር የኮሚቴውን አባል የሚያገኘው በስብሰባ ቀን ነው። በገጠር ግን መምህሩ የሚኖረው ከአገሬው በተከራየው ክፍል ነው፤ ያከራየው ሰው የኮሚቴው አባል፤ ወይም የአባሉ ወንድም፤ ወይም አበልጁ ሊሆን ይችላል። ኪራይ ስለ መጨመር የተነሣ ክርክር ወደ ግምገማው መዝገብ ሾልኮ እንዳይገባ የሚከለክል አንቀጽ የለም። መምህሩም ቢሆን የአከራዩን ልጅ ሲያርም እጁ ይከብደዋል። ዳኛው የባለጉዳዩ አከራይ በሆነበት ችሎት ማን በነጻነት ይናገራል? በማንኛውም ፍርድ ቤት ዳኛ ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት ካለው ይነሣል፤ ይህን ተራ የፍርድ ሥርዓት ወደ መመሪያው ማስገባት ከሁለት መስመር በላይ የሚፈጅ አልነበረም።

በሌላ በኩል ያሉት ወላጆችም በደል አለባቸው። የኮሚቴ አባል ሆነው የተመረጡ ገበሬዎች ብዙውን ጊዜ የሚጠሩት መዋጮ ሲሰበሰብና ግንብ ሲጠገን ነው። መምህሩን እንዲቆጣጠሩ ሥልጣን የተሰጣቸው ሰዎች፤ የወረዳውን ጽሕፈት ቤት «መጽሐፉ የት ደረሰ?» ብለው የሚጠይቁበት ሥልጣን ያን ያህል አልተገለጠላቸውም። ሥልጣኑ ወደ ታች ያያል እንጂ ወደ ላይ አያይም።

ስለ ምዘናው በአጭሩ ልለፍ፤ ይህ ራሱን የቻለ ጥናት ያስፈልገዋልና። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ግምገማ ነበረ፤ ከዚያ መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ መጣ፤ ከዚያ ውጤት ተኮር ምዘና፤ ከዚያም የትምህርት ልማት ሠራዊትና የአንድ ለአምስት አደረጃጀት። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ግድግዳ ላይ የተለጠፉት ወረቀቶች ብቻ የዘመኑን ታሪክ ይናገራሉ። መምህሩ ከጀማሪ መምህርነት እስከ መሪ መምህርነትና ከዚያም በላይ የሚወጣበት መሰላል መልካም ሐሳብ ሆኖ ሳለ፤ የሚወጣው በነጥብ ስለሆነ፤ ነጥቡም በከፊል ከተማሪዎቹ ውጤት ጋር ሲያያዝ፤ መምህሩ ነጥብ ማሳመርን ይማራል። እንግሊዞች ይህን ቀምሰውታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1862 ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ርዳታ ልጆቹ በንባብ፤ በጽሕፈትና በሒሳብ በሚያመጡት ውጤት እንዲለካ አደረጉ። ባለቅኔው ማቲው አርኖልድ ራሱ የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ሆኖ ሳለ ይህን አሠራር አጥብቆ ነቀፈ። መምህራን ልጆቹን ፈተናውን በቃል ያስጠኑአቸው ጀመር፤ ከ30 ዓመት ገደማ በኋላም አሠራሩ ተሻረ።

ገንዘቡን በተመለከተ ደግሞ ነገሩ ቀላል ነው። ወረዳው ከሚያገኘው ጥቅል በጀት ለትምህርት የሚመደበው አብዛኛው ደመወዝ ሆኖ ያልቃል። ጠመኔና ወረቀት የሚገዛው ፑል በሚባለው አሠራር በገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ በኩል ስለሆነ፤ ርእሰ መምህሩ ለአንድ ካርቶን ጠመኔ ተሰልፎ ይጠብቃል። ከ2001 ዓ.ም. በኋላ በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም በተማሪ ቁጥር ልክ ለትምህርት ቤቶች በቀጥታ የተሰጠው የድጎማ ገንዘብ ይህን ቀንበር በጥቂቱ አቃልሎት ነበር። ነገር ግን በተማሪ ቁጥር የሚታደል ገንዘብ ብዙ ተማሪ ላለው የከተማ ትምህርት ቤት ብዙ፤ በገደሉ ሥር ላለው ትንሽ ትምህርት ቤት ጥቂት ይሰጣል፤ ዕቃውን በአህያ ለማስጫን የሚከፍለው ግን ትንሹ ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ከራሴ ምኞት ተነሥቼ እንዳይመስል፤ መለኪያ የሚሆን አንድ ጽሑፍ ልጥቀስ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጥቅምት 1966 በፓሪስ የተሰበሰበው የመንግሥታት ጉባኤ ስለ መምህራን ይዞታ የዓለም የሥራ ድርጅትና የዩኔስኮን የጋራ የውሳኔ ሐሳብ ተቀብሎ ነበር። በ146 አንቀጾቹ ውስጥ የመምህሩን ግዴታ ሳይሸሽግ ይዘረዝራል። ከዚያው ጋር ግን የተከሰሰ መምህር ክሱን በጽሑፍ እንዲያውቅ፤ ማስረጃውን እንዲያይ፤ የሚረዳው ሰው እንዲያቆምና ይግባኝ እንዲል ይጠይቃል፤ ኑሮ አስቸጋሪ በሆነበት ወይም ሩቅ በሆነ ቦታ ለሚሠራ መምህርም የተለየ ጥቅምና መኖሪያ እንዲታሰብለት ያሳስባል። ሐሳብ እንጂ አስገዳጅ ሕግ አይደለም። ሆኖም ግዴታና መብት በአንድ ወረቀት፤ በአንድ ዓይነት ቀለም ሊጻፉ እንደሚችሉ ያሳያል።

ምናልባት «መምህራኑ ራሳቸው ሥነ ምግባር አጥተዋል፤ ደንቡ ይብሱን ይጥበቅ» የሚል ተቃዋሚ ይነሣ ይሆናል። ሴት ተማሪዎችን የሚያስቸግር፤ ጠጥቶ ክፍል የሚገባ መምህር መኖሩን አልክድም፤ በዚህ ረገድ ደንቡ እንዲላላ የምጠይቀው አንዲትም ቃል የለም። እንዲያውም እዚህ ላይ የኔ ወቀሳ ተቃራኒው ነው። ዝውውር ከስድስቱ ቅጣቶች አንዱ ሆኖ አልተጻፈም። ነገር ግን በመምህራን አንደበት «ወደ በረሃ ይላክ» ማለት የቅጣት ቃል ነው። ሩቅ ቀበሌ መመደብ እንደ ቅጣት በሚታሰብበት አገር፤ በዚያ ቀበሌ ያሉት ልጆች ምን አጥፍተው ነው አብረው የሚቀጡት? አንኮበር ነገሥታት የተቀመጡበት አገር ነው፤ የትኛውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንደ ግዞት ሊያየው አይገባም። ሩቅ ቦታ መመደብ የክብር ምደባ፤ በአበልና በቤት የተደገፈ፤ ጊዜውም የተወሰነ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ከቅጣቱ ክፍል አጠገብ አንድ የጥቅም ክፍል ነው።

ባለፉት ዓመታት ሕጎቹ እንደገና እየተጻፉ ነው። በ2015 ዓ.ም. አዲስ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወጥቷል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅና ስለ አጠቃላይ ትምህርት የተደነገገው አዋጅ ቁጥር 1368 ታውጀዋል። ደብረ ብርሃንም ሪጂዮ ፖሊታን ከተማ ከተባለች ወዲህ ከዞኑ ተለይታ በራሷ የምትተዳደር ስለሆነች፤ ከአንኮበር ጋር ያላት ልዩነት በአስተዳደርም ጭምር ሆኗል። ክልሉና ወረዳው እነዚህን ሕጎች ወደ ዝርዝር ደንብና መመሪያ የሚያወርዱበት ጊዜ ስለሆነ፤ አሁን ያልተጻፈ መስመር ለብዙ ዓመታት ሳይጻፍ መቅረቱ ነው።

በተለይም አንዱን ሐረግ ከሁሉ አስቀድመው ቢያዩት እወዳለሁ። አዋጆቹ ሠራተኛው ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ከሥራው ሊለይ እንደሚችል ያውቃሉ፤ ለዚህም የተለየ ሥፍራ ይሰጣሉ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ መንገዶች ለቀናት አንዳንዴም ለሳምንታት ተቋርጠዋል፤ ከዚያ በፊትም ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ከሌላ ክልል ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን ለገቡት ቤተሰቦች ልጆች ቦታ መፈለግ ነበረበት። በዚህ ጊዜ መምህር ከቦታው አለመገኘቱ በቂ ምክንያት እንዳለው ማን ይመሰክርለታል? በተለመደው አሠራር የሚመሰክረው የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ነው። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ራሱ የተዘጋ፤ ማኅተሙም ያልታወቀ ቦታ የተቀመጠ እንደሆነ፤ መምህሩ ከየትኛው መሥሪያ ቤት ምን ዓይነት ወረቀት ይዞ ወደ ጎረቤላ እንደሚወጣ የሚመልስ መስመር እስካሁን ባነበብኋቸው ደንቦች ውስጥ አላገኘሁም።